ፈቃድ የማይጠየቅበት በር፦ ስለ ግራፊክስ ድራይቨር ክፍተቶች ጠይቃችሁናል

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ግራፊክስ ድራይቨር (ፕሮግራሞችን ምስል ከሚያወጣው ቺፕ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) እና ስለ ስልክ ደኅንነት የተጻፉትን ለይተን በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በስልካችሁ ላይ የምታገኙት የአፕዴት ቀንም በዚያው ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በቴሌግራም የተላከልኝን የጨዋታ አፕ ጫንኩ። ካሜራም፣ ኮንታክትም፣ ፋይልም አልጠየቀኝም። ፈቃድ ካልሰጠሁት ምንም ሊያመጣ አይችልም ብዬ ነበር፤ አንድ ስልክ ጠጋኝ ግን «በግራፊክሱ በኩል ስልኩን ሩት የሚያደርግ አለ» አለኝ። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጠጋኙ ልክ ነው፤ ሩት ማለት በስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ማለት ነው። አንድሮይድ ለካሜራና ለማይክሮፎን ፈቃድ ይጠይቃል። ስክሪን ላይ ለመሳል ግን ማንም ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሊጠየቅም አይችልም። ካልኩሌተሩም፣ ሰዓቱም፣ ጨዋታውም ምስሉን የሚያወጣው በግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ የታመነውም ያልታመነውም አፕ ከግራፊክስ ድራይቨሩ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ድራይቨሩ ደግሞ ቦታው ከርነሉ ውስጥ ነው። ከርነል የስልኩን ሜሞሪ በሙሉ የሚያዝዘው ክፍል ስለሆነ እዚያ የተሠራ ስሕተት የአፑን አጥር ያፈርሳል።

ስሕተቱ በአብዛኛው የሚገኘው በሜሞሪ አያያዝ ላይ ነው። ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ የራሱ የአድራሻ ሠንጠረዥ አለው። አፑ ሜሞሪ ሲጠይቅ ድራይቨሩ ገጾችን ይሰጠዋል፤ አንዱ ገጽ ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ገጾቹንም በሠንጠረዡ ላይ ይመዘግባል። አፑ ሲጨርስ ገጹ ወደ ከርነሉ ይመለሳል፣ ምዝገባውም መሰረዝ አለበት። ገጹ ተመልሶ ምዝገባው ሳይሰረዝ ከቀረ ነገሩ ቤቱን ለቆ ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ተከራይ ይሆናል። ከርነሉ ያንኑ ገጽ ለሌላ ሥራ ይመድበዋል፤ ለምሳሌ የትኛው ፕሮግራም ምን ሥልጣን እንዳለው ለሚመዘግብበት ሰነድ። አፑ በቀረው ምዝገባ ገብቶ የራሱን ሥልጣን ይለውጣል፤ በዚያች ቅጽበት ከተራ አፕነት ወደ ሩት ወጣ ማለት ነው። ከርነሉን እንዲጠብቁ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ከተሠሩት መከላከያዎች ብዙዎቹ ይህን አይከለክሉትም፤ አፑ ወደ ሜሞሪው የሚጽፈው በግራፊክሱ መንገድ ነዋ።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ሲቪኢ-2022-38181 ተብሎ የተመዘገበው (ሲቪኢ የታወቁ ክፍተቶች መለያ ቁጥር ነው) የማሊ ድራይቨር ክፍተት ከዚሁ ዓይነት ነው፤ ማሊ አርም የተባለው ድርጅት የነደፈው ግራፊክስ ፕሮሰሰር ነው። አንድ የጊትሃብ የደኅንነት ተመራማሪ በጁላይ 2022 ሪፖርት አድርጎት የጎግል ፒክስል ስልኮች ጥገናውን ያገኙት በጃኑዋሪ 2023 ነበር። ወደ መንፈቅ የተጠጋ ጊዜ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ለእርስዎ ስልክ፦ አፑን ያጥፉ። ፕሌይ ስቶርን ከፍተው፣ ፎቶዎን ነክተው፣ ፕሌይ ፕሮቴክትን ያስፈትሹ። በስልኩ ላይ ቴሌብር ወይም የባንክ አፕ ካለ የይለፍ ቁጥሩን በሌላ ስልክ ላይ ሆነው ይቀይሩ። ፍተሻው አንዳች ነገር ካገኘ ወይም ባትሪና ዳታ ያለ ምክንያት የሚያልቅ ከሆነ ፎቶዎን ገልብጠው ፋብሪካ ሪሴት ያድርጉ። አፖቹን ግን ከመጠባበቂያ ቅጂ አይመልሷቸው፤ አንድ በአንድ ከፕሌይ ስቶር ይጫኗቸው።

ጥያቄ፦ የምሠራው ዱባይ ነው፤ ስልኬ ሳምሰንግ ነው። «ዕቃዎ ደርሷል፣ ሊንኩን ይጫኑ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይመጣል። አንዱን ከፈትኩት፤ ባዶ ገጽ መጥቶ ጠፋ። ምንም አልሞላሁም፣ ምንም አልጫንኩም። እዚህ አገር በሊንክ ብቻ ሳምሰንግ ሰልለዋል ሲባል ሰምቼ ተጨንቄያለሁ። (ከዱባይ)

መልስ፦ የሰሙት ተፈጽሟል፤ ያ ማለት ግን እርስዎ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም። በዲሴምበር 2022 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ውስጥ ላሉ ስልኮች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ሊንኮች በኤስኤምኤስ ተልከው እንደነበር የጎግል የስጋት ትንተና ቡድን በማርች 2023 ይፋ አድርጓል። የአምነስቲ ኢንተርናሽናል የደኅንነት ላብም ምርመራው ውስጥ ነበረበት።

አጥቂዎቹ አንድ ክፍተት አልበቃቸውም፤ ሰንሰለት ነው የሠሩት። መጀመሪያ በሳምሰንግ ኢንተርኔት ብራውዘር ክፍተት (ሲቪኢ-2022-4262) ድረ ገጹ የራሱን ኮድ እንዲያስኬድ አደረጉ። በብራውዘር የተያዘ ኮድ ግን ታስሮ ነው የሚሠራው፤ በሁለተኛ ክፍተት (ሲቪኢ-2022-3038) ከእስራቱ አወጡት። ቀጥሎ የመጣው የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። ሲቪኢ-2022-22706 የተባለው የማሊ ክፍተት ለማንበብ ብቻ የተፈቀደን የሜሞሪ ገጽ እንዲጻፍበት ያደርጋል። ከእርሱ ጋር የሊኑክስ የድምፅ ክፍል ክፍተትም (ሲቪኢ-2023-0266) ተጨመረ። በመጨረሻ የተጫነው ከቻትና ከብራውዘር አፖች መረጃ ፈልቅቆ የሚወስድ የስለላ ሶፍትዌር ነበር።

የሚያበሳጨው ክፍል ይሄ ነው፦ አርም የማሊውን ክፍተት ያስተካከለው በጃኑዋሪ 2022 ነበር። ጥቃቱ በተካሄደበት በዲሴምበር ግን የመጨረሻው የሳምሰንግ ሶፍትዌር እንኳ ጥገናውን አልያዘም ነበር። ብራውዘሩም የተሠራው በጊዜው ባረጀው በክሮሚየም 102 (የክሮም ብራውዘር መሠረት የሆነው ኮድ) ላይ ነበር። ባለስልኩ የመጣለትን አፕዴት ሁሉ ጭኖ ቢሆን እንኳ አያድነውም ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሰንሰለት ብዙ ገንዘብ ስለሚወጣበት ለተመረጡ ሰዎች ነው የሚላከው። በየሳምንቱ ለሁሉም የሚመጣው የ«ዕቃዎ ደርሷል» መልእክት በብዛት የባንክ ካርድ ቁጥር ለማጥመድ ነው፤ እርስዎ ምንም ስላልሞሉ ከዚያኛው ተርፈዋል። ቢሆንም ሳምሰንግ ኢንተርኔትንና ክሮምን ከስቶሩ አፕዴት ያድርጉ፣ የስልኩንም ሶፍትዌር ያዘምኑ፣ ስልኩን አጥፍተው ያስነሱ። ዳግም ማስነሳት አንዳንዱን ሰላይ ከሜሞሪ ያጸዳል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። በሳምሰንግ ሴቲንግስ ውስጥ «አውቶ ብሎከር» ካለ ያብሩት፤ ከስቶር ውጭ የሚመጣን አፕ ይከለክላል። በጋዜጠኝነት ወይም በሰብአዊ መብት ሥራ ላይ ከሆኑ ግን ስልኩን ሪሴት ከማድረግዎ በፊት አክሰስ ናው የተባለውን የዲጂታል መብት ድርጅት የእርዳታ መስመር ያማክሩ፤ ሪሴት ማስረጃውንም ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ቴክኖ ስልክ ነው ያለኝ። «ስልክዎ ዘምኗል» ይላል። ግራፊክሱም መዘመኑን በምን አውቃለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አባውት ፎን፣ ከዚያ አንድሮይድ ቨርዥን ይክፈቱ። «ሴኩሪቲ ፓች ሌቭል» ወይም «ሴኩሪቲ አፕዴት» የሚል መስመር ላይ ቀን አለ። ብዙ ሰው ወሩን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል፤ የወሩን ቀን ይመልከቱት። አንድሮይድ ጥገናዎቹን በሁለት እርከን ነው የሚለቃቸው። ቀኑ 1 ከሆነ ስልኩ የአንድሮይድን የጋራ ክፍል ጥገና ይዟል። ቀኑ 5 ከሆነ የከርነሉና የቺፕ አምራቾቹ ጥገናም ተጨምሯል፤ የአርም፣ የኳልኮም፣ የኢማጂኔሽን፣ የሚዲያቴክና የዩኒሶክ ጥገናዎች የሚመጡት እዚህኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ «1 ኖቬምበር» የሚል ስልክ የኖቬምበር የግራፊክስ ጥገና ሊጎድለው ይችላል። ሳምሰንግ ብዙ ጊዜ 1 ነው የሚጽፈው፤ ምን እንደጨመረ ግን በየወሩ በራሱ የደኅንነት ማስታወቂያ ይዘረዝራል።

እዚያው አጠገብ «ጎግል ፕሌይ ሲስተም አፕዴት» የሚል ሌላ ቀን አለ። እሱ አያታልልዎት፤ የከርነሉን የግራፊክስ ድራይቨር አይነካም። ያ ቀን አዲስ ሆኖ ሴኩሪቲ ፓቹ ዓመት ያለፈው ስልክ ማግኘት የተለመደ ነው።

አገራችን ውስጥ በብዛት የሚሸጡት ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑ ስልኮች ቺፓቸው የሚዲያቴክ ወይም የዩኒሶክ ነው። ግራፊክሳቸው ደግሞ ወይ የአርም ማሊ ነው ወይ የኢማጂኔሽን ፓወርቪአር። ለምሳሌ ሄሊዮ ጂ35 ፓወርቪአር አለው፤ ዩኒሶክ ቲ606 ማሊ-ጂ57 አለው። ማወቁ ለምን ይጠቅማል? ዜና ላይ «የአድሬኖ ክፍተት ተገኘ» ሲባል የኳልኮም ቺፕ ያላቸውን ስልኮች እንጂ የእርስዎን እንደማይመለከት ለመለየት ነው። በጁን 2025 ኳልኮም ያስታወቃቸው ጥቃት የተፈጸመባቸው ሦስት የአድሬኖ ክፍተቶች ቴክኖዎን አይመለከቱም፤ የማሊ ማስታወቂያ ግን ሊመለከት ይችላል።

ጥገናው ከእርስዎ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። ግራፊክሱን የነደፈው ድርጅት ያስተካክላል፣ ቺፕ ሠሪው ይቀበላል፣ ስልክ ሠሪው ለእያንዳንዱ ሞዴል አዘጋጅቶ ይሞክራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚላከው። የጎግል ፕሮጀክት ዜሮ ቡድን በ2022 አጋማሽ አምስት የማሊ ክፍተቶችን ለአርም አሳወቀ፤ አርም በጁላይና በኦገስት አስተካከላቸው። ቡድኑ በኖቬምበር ሲፈትሽ በእጁ የነበሩት ማሊ ያላቸው የሙከራ ስልኮች በሙሉ ገና ክፍት ነበሩ። ክፍተቱን ያገኙት የጎግል ሰዎች ሆነው የጎግል ስልክም ከእነዚያው ውስጥ ነበር!

አፕዴት ሲመጣ ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን፣ ባዶ ቦታም ይኑረው፤ «ዳውንሎድ አልተሳካም» የሚለው መልእክት ብዙውን ጊዜ ከቦታ ማነስ ነው። ሩት የተደረገ ወይም ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲነሳ ሶፍትዌሩን የሚያስጀምረው ክፍል) የተከፈተ ስልክ አፕዴቱን ላይቀበል ይችላል። ስልኩ ዓመት ሙሉ ፓች ካልመጣለት አይመጣም ብለው ያስቡ፤ የባንክ አፕ አይጫንበት፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭም ምንም አይግባበት። አዲስ ሲገዙ ከካሜራው ሜጋፒክስል በፊት «የደኅንነት አፕዴት ለስንት ዓመት?» ብለው ይጠይቁ። ለንጽጽር ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤ16 ስድስት ዓመት፣ ጎግል ለፒክስል 8 ሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ግራፊክስ ይህን ያህል አደገኛ ከሆነ ከከርነሉ ለምን አያወጡትም? (ከጅማ)

መልስ፦ በከፊል አውጥተውታል። ማይክሮሶፍት በ1996 በዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 የመስኮትና የሥዕል ሥራውን ለፍጥነት ሲል ወደ ከርነሉ አስገባው፤ ዋጋውን ለዓመታት ከፍሎበታል። በ2011 የተገኘው ዱቁ የተባለው የስለላ ፕሮግራም በወርድ ሰነድ ውስጥ በተሸጎጠ የፊደል ቅርጽ ፋይል ነበር የገባው፤ ፎንቱን የሚያነበው ኮድ ከርነል ውስጥ ስለነበር ሰነዱን መክፈት ለሙሉ ሥልጣን በቃ። ጥገናው በዲሴምበር 2011 ወጣ። በዊንዶውስ 10 የፎንት ንባቡ ከከርነል ወጥቶ በታጠረ ሂደት ውስጥ እንዲሠራ ተደረገ። ከዚያ ቀደም በዊንዶውስ ቪስታ የግራፊክስ ድራይቨሩ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ትእዛዝ የሚያዘጋጀው ትልቁ ክፍል ውጭ፣ ሜሞሪና ወረፋ የሚያስተዳድረው ክፍል ውስጥ። ውስጥ የቀረው አይወጣም፤ ሃርድዌሩን የሚነካና ለብዙ ፕሮግራሞች ሜሞሪ የሚያከፋፍል አካል የግድ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ክፍተቶቹ አሁንም የሚገኙት እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ላብ ነው የማስተዳድረው፤ ኤንቪዲያ ካርድ ያላቸው ኮምፒውተሮች አሉን። ተማሪዎቹ በተራ አካውንት ነው የሚገቡት። የድራይቨሩ ቁጥር 32.0.15 ብሎ ይጀምራል፤ ድረ ገጹ ላይ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ቁጥር ነው። ስንተኛው ላይ እንዳለሁ እንዴት ልወቅ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስታርት ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ካርዱን፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስን፣ ከዚያ ድራይቨር የሚለውን ትር ይምረጡ። የሚያዩት የዊንዶውስ አጻጻፍ ነው። ነጥቦቹን ትተው የመጨረሻዎቹን አምስት አኃዞች ይውሰዱ፦ 32.0.15.6603 ማለት 566.03 ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለምሳሌ ያህል ብቻ አልመረጥነውም፤ በኦክቶበር 2024 የደኅንነት ማስታወቂያ ለዊንዶውስ የ565 ዘር ተጠግኖ የወጣው እሱ ነው። ከዚያም ወዲህ ሌሎች ማስታወቂያዎች ስለወጡ የመጨረሻውን ይጫኑ።

መጀመሪያ ግን የካርዱን ዕድሜ ይዩ። ኬፕለር ቺፕ ያላቸው እንደ ጂቲ 710 ያሉ ካርዶች የደኅንነት ጥገናቸው በሴፕቴምበር 2024 አብቅቷል። እንደ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1050 ያሉት የማክስዌልና የፓስካል ካርዶች መደበኛ ድራይቨራቸው በኦክቶበር 2025 ቆሞ የደኅንነት ጥገና ብቻ በየሩብ ዓመቱ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚያገኙ ኤንቪዲያ አስታውቋል። ኬፕለር ካርድ ያለበት ማሽን ላይ የኢንቴል ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ካርዱን ነቅሎ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ይሻላል፤ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ይበቃል።

ድራይቨሩ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሚመዝን አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ያዙሩት። ከመጫንዎ በፊት ፋይሉ ላይ በቀኝ ተጭነው፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ሲግኔቸርስ ገብተው የኤንቪዲያ ፊርማ መኖሩንና ትክክለኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ፊርማ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ በ2022 ከኤንቪዲያ ተሰርቀው የወጡ ጊዜያቸው ያለፈ ሁለት የፊርማ ሰርተፍኬቶች ለጎጂ ፕሮግራሞች መፈረሚያ ውለዋል። ስለዚህ ፋይሉ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ይምጣ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ» የሚሉ ጥቅሎች በየላቡ ይዞራሉ፤ የሚጭኑት ድራይቨር ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው፣ አብሮ የሚገባውን ትርፍ ፕሮግራምም ማንም አይቆጥረውም።

ሲጭኑ «ከስተም»ን፣ ከዚያ «ክሊን ኢንስታሌሽን»ን ይምረጡ። አስቀድመው ሪስቶር ፖይንት ይፍጠሩ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ በሴፍ ሞድ ገብተው ይመለሳሉ። ከጫኑና ካስነሱ በኋላ ቁጥሩን ደግመው ይዩት፤ ዊንዶውስ አፕዴት አንዳንዴ ቀስ ብሎ የድሮውን ይመልሰዋል። ማሽኖቹ በዊንዶውስ 10 ላይ ከሆኑ መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ የግራፊክስ ካርድ ፍጥነት የሚጨምረው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር አደጋ አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አብሮት የሚመጣው አርቲኮር64 የተባለ ድራይቨር በ2019 ክፍተቱ ተመዝግቧል (ሲቪኢ-2019-16098)። ማንኛውም ተጠቃሚ የከርነሉን ሜሞሪ እንዲያነብና እንዲጽፍ ይፈቅዳል። በ2022 ብላክባይት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቡድን ይህን ድራይቨር ራሱ ይዞ እየመጣ የደኅንነት ሶፍትዌሮችን ለማሳወር ተጠቅሞበታል። አስተውሉ፦ አፍተርበርነር በጭራሽ ባልነበረበት ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ ድራይቨሩ ሕጋዊ ፊርማ ስላለው ዊንዶውስ ይቀበለዋል። መድኃኒቱ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ዲቫይስ ሴኩሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ገብቶ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ»ን እና «ቫልነረብል ድራይቨር ብሎክሊስት»ን ማብራት ነው። ብሎክሊስቱ ከዊንዶውስ 11 22ኤች2 ጀምሮ በራሱ በርቶ ይመጣል። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ አልበራም ካለ የሚያግደውን አሮጌ ድራይቨር ስም ይዘረዝርልዎታል፤ እሱን አውጥተው ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ተመራማሪዎች የሚጋሩት ኤንቪዲያ ካርዶች ያሉት የሊኑክስ ሰርቨር አለን። ከአፕዴት ሌላ ምን ልናጥብቅ እንችላለን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ማን ካርዱን እንደሚነካ ይወስኑ። የኤንቪዲያ ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫነው ድራይቨር) የመሣሪያ ፋይሎቹን ሲፈጥር በመነሻው 0666 የተባለውን ለሁሉም ክፍት ፈቃድ ነው የሚሰጣቸው፤ ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ድራይቨሩን ማናገር ይችላል ማለት ነው። በሞጁሉ ቅንብር የፋይሉን ሞድ 0660 (ለባለቤቱና ለቡድኑ ብቻ)፣ ባለቤት ቡድኑንም ለካርድ ተጠቃሚዎች ብቻ የፈጠሩት ቡድን ያድርጉት። ካርዱን የማይፈልግ አካውንት ያኔ ከድራይቨሩ ስሕተት ጋር አይገናኝም። ለኢንቴልና ለኤኤምዲም በሬንደርና በቪዲዮ ቡድኖች ውስጥ ማን እንዳለ ይቁጠሩ። የኢንቴል አይ915 ድራይቨርም ነፃ አይደለም፤ በጃኑዋሪ 2022 የተጠገነው ሲቪኢ-2022-0330 ግራፊክሱ የድሮ አድራሻዎችን ከመሸጎጫው ሳያጸዳ በመቅረቱ የመጣ ነው፤ ለአዳማው አንባቢ የገለጽነው ጉዳይ ወንድም።

ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ለይቶ የሚያስኬድ ጥቅል) አጥር አይምሰላችሁ። ካርዱ ወደ ኮንቴይነር ሲገባ ከሥሩ ያለው የአስተናጋጁ ከርነል ድራይቨር ራሱ ነው። መሣሪያው ራሱም ክፍተት ሊኖረው ይችላል፦ የኤንቪዲያ ኮንቴይነር ቱልኪት ከኮንቴይነር ወደ አስተናጋጁ የሚያስወጣ ክፍተት (ሲቪኢ-2024-0132) ተገኝቶበት በ1.16.2 ተጠግኗል።

አፕዴት ስታደርጉ ሦስት ነገር ይሰናከላል። የከርነል ሄደር ካልተጫነ ሞጁሉ አይገነባም፤ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ኮድ የሚያግደው መከላከያ) በርቶ ሞጁሉ ካልተፈረመ አይጫንም፤ ሰርቨሩ ካልተነሳ ደግሞ ላይብረሪው አዲስ፣ በሜሞሪ ያለው ሞጁል አሮጌ ሆኖ «የስሪት አለመጣጣም» የሚል መልእክት ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ላይብረሪውን ወደኋላ መልሶ ሥራውን ይቀጥላል። አታድርጉት፤ ክፍተት ያለበት ሞጁል እየሠራ ነው ማለት ነው። የምርምሩ ሥራ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ሰርቨሩን አስነሱት።

ጥያቄ፦ አይፎን ይህ ችግር አለበት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አለበት። የስክሪኑን ምስል የሚያስተዳድረው የአይኦሞባይልፍሬምባፈር ክፍል በአይኦኤስ 14.7.1፣ በ15.0.2 እና በ15.3 ተጠግኗል፤ ሦስቱም ላይ አፕል «ጥቃት ተፈጽሞበት ሊሆን ይችላል» ብሏል። ማክም በ12.3.1 የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ጥገና ነበረው። ልዩነቱ አፕል ሁሉንም ራሱ ስለሚልክ ጥገናው ለሚደገፉ ስልኮች በአንድ ቀን ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ብራውዘሬ ላይ «ግራፊክስ አክሰለሬሽን»ን ባጠፋው ይበቃል? (ከደሴ)

መልስ፦ ከድረ ገጽ ለሚመጣው ጥቃት መንገዱን ያጠባል፤ ቪዲዮ ግን ይንተባተባል፣ ባትሪም ይበላል። ለተጫነ አፕ ምንም አይለውጥም፤ አፑ ብራውዘሩን ሳይጠይቅ ድራይቨሩን በቀጥታ ያገኘዋል። አፕዴት በማያገኝ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያጥፉት፤ በዘመነው ላይ ይተዉት።